ቢላውን አስቀምጡ

እናንተ በደሴ መንገድ ዳር ቀዝቃዛ ውኃና ሥጋ የምትሸጡ የአጣዬ ነጋዴዎች፣ ስሙኝ። ፍሪዘራችሁ በተበላሸ ቁጥር መብራቱን ትረግማላችሁ። መብራቱ ይጠፋል፤ እውነት ነው። ዕቃችሁን የሚገድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የገዛ እጃችሁ ነው። ከተማችሁ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ንብረት ማጣትን በዓይናችሁ አይታችኋል። ከዚያ ሁሉ በኋላ በዕቁብ፣ በብድር የተገዛ ዕቃ በግዴለሽነት ሲጠፋ ዝም ብዬ አላይም።

በረዶው ሲጋገር ቢላ ታነሣላችሁ። ከፍሪዘሩ ስስ የውስጥ ግድግዳ ጀርባ ጋዙ የሚዞርበት ቱቦ አለ። አንዴ ከተበሳ ጋዙ ያመልጣል፤ በብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪዘሮች ውስጥ ያለው ጋዝ ደግሞ እሳት ይይዛል። በረዶው የጣት ውፍረት ሳያክል ሶኬቱን ንቀሉ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ ራሱ ይቅለጥ። በይፋት ሙቀት ይህን መጠበቅ ያቃተው ሰው ምን ቸኩሎ ነው?

ፍሪዘሩን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ፣ በጎኑ የለስላሳ ሳጥን ደርድራችሁ ደግሞ «አልበርድ አለ» ትላላችሁ። የብዙው ፍሪዘር ሙቀት የሚወጣው በጎኑ ነው፤ አንድ ስንዝር አርቁት። የሞተሩን ወንፊት ከመንገዱ አቧራ ጥረጉ። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመለስም አምስት ደቂቃ ቆዩና ሰኩ፤ በሞተሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይረጋ ማስነሣት ሊያቃጥለው ይችላል።

ሁዳዴ ሲገባ ፍሪዘሩን አጥፍቶ፣ ደሙን እንኳ ሳያጥብ ክዳኑን ዘግቶ 55 ቀን የሚተው ባለ ሥጋ ቤትም አለ። ለፋሲካ ሲከፍተው ሻጋታና ግማት ይቀበለዋል። ወንድሜ፣ ጾም የገባኸው አንተ ነህ፤ ዕቃውን አጥበህ፣ አድርቀህ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርገህ ማስቀመጥ ምን ከለከለህ?

የከፋው ግን ይህ አይደለም። መብራት ሲጠፋ የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ ሁለት ቀን ያህል፣ ግማሽ የሞላው አንድ ቀን ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ በቆላ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። እናንተ በየሰዓቱ ትከፍታላችሁ። ቀልጦ የሞቀውን ሥጋ መብራት ሲመጣ እንደገና በረዶ ታደርጉታላችሁ፣ ለመንገደኛም ትሸጡታላችሁ። ብርድ ጀርሙን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። በላተኛው ኮምቦልቻ ደርሶ ሲያጣጥር እናንተ ገንዘቡን ቆጥራችሁ ተኝታችኋል። ይህ ስስት ነው፤ የሰው ነፍስም አለበት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ ፈጣሪውን ይቅርታ ይለምን።

ቀልጦ የሞቀ ሥጋ ዛሬ በፍሪዘራችሁ ካለ አውጡና ቅበሩት። ኪሳራውን ቻሉት፤ ለማንም አትሽጡት።