የወር እንግዳ

መተማ ዮሐንስ ውስጥ፣ ወደ ጋላባት መሻገሪያው ቀረብ ባለ ሰፈር፣ ሁለት እህትማማቾች አጥር ተጋርተው ይኖሩ ነበር። እያንዳንዳቸው አራት አራት የቆርቆሮ ክፍል ነበራቸው፤ ለነርስና ለመምህር ባዶውን ያከራያሉ።

አንድ ጥቅምት፣ ሰሊጡ ታጭዶ በሂላ፣ ማለትም በነዶ ክምር፣ በቆመበት ሰሞን፣ ደላላ አንድ የጎንደር ነጋዴ ይዞ መጣ። «እትዬ፣ አልጋ፣ አጎበርና ቬንትሌተር ያለው ክፍል ለአንድ ወር ፈልጌ ነበር። ሦስት እጥፍ እከፍላለሁ» አለ። ታናሽየዋ በሳምንቱ ነርሷን አስወጣች፤ ከዚያም ለሌሎች ነጋዴዎች ስትል የቀሩትን ተከራዮች። አልጋና ፍራሽ በዱቤ ገዛች። ታላቅየዋም ገንዘቡን ትፈልገው ነበር፤ ነገር ግን ማንንም ሳታስወጣ ከማድቤቱ ጎን አንዲት ክፍል ጨመረችና ዕቃውን እዚያ አስገባች።

ሰሊጡ ተወቅቶ ሲጫን ነጋዴዎቹ አብረው ሄዱ። ወባና ካላዛር ባለበት ቆላ ላይ ነርሷም ቤት አጥታ ዝውውር ጠይቃ ሄዳለች። የታናሽየዋ ክፍሎች በመጋቢት ሙቀት ተዘግተው ከረሙ፤ ዱቤው ግን እንዳለ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ካርቱም ሻይ ስትሸጥ የኖረች ኢትዮጵያዊት ሁለት ልጆቿን ይዛ ታላቅየዋ ደጅ ቆመች። «አንድ ወር ብቻ፣ እትዬ፤ እስኪረጋጋ» አለች። አልጋ ቀርቶ ጀሪካን እንኳ አልነበራትም፤ ዕቃ ያለው ክፍል የሚያስፈልገው ለእሷ ነበር። ወሩ ሌላ ወር ወለደ። በሦስተኛው ወር ታላቅየዋ ኪራዩን ከሌሎቹ ተከራዮች ጋር እኩል አደረገችላት። በአጥሩ ማዶ፣ የታናሽየዋን ክፍሎች ለተከራዩት ተፈናቃዮች ግን ወር በመጣ ቁጥር አዲስ ዋጋ ይጠራ ነበር።

መጋቢት 2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚለዩዋቸው ከተሞች ነው። በጊዜ የሚለይ ሕግ ሌላም ቦታ አለ፤ ኒው ዮርክ ከተማ ከ30 ቀን በታች የሚከራየውን ትቆጣጠራለች፤ ስለዚህ ብዙ አከራይ 30 ቀንና ከዚያ በላይ ወደሆነው ኪራይ ዞሯል። ሁለቱም ሕጎች ጊዜ ይቆጥራሉ። የሰሊጡ ነጋዴ በእውነት የወር ሰው ነው፤ ሁለት ዓመት ፈርም ማለት ሜዳ ላይ አስተኝቶ ማሳደር ነው። የካርቱሟ እናትም የወር ሰው ነኝ ብላ ነበር፤ ጥበቃ የሚያሻት ግን ወሩ ካለፈ በኋላ ነው።

እኔ ከጊዜው በፊት ክፍሉ ይጠየቅ ባይ ነኝ፤ ተጨምሮ የተሠራ ነው ወይስ ሰው ወጥቶበት የተለቀቀ? ክልሉ መተማን በአዋጁ ሥር ካስገባት፣ ቀበሌው ለተጨመረው ክፍል የወር ውል ይፍቀድ፤ ከሦስት ወር በላይ የተቀመጠውን እንደ ነዋሪ ይመዝግብ። ነርስ የወጣችበትን ክፍል ግን ለወር ኪራይ አይፍቀድ።