አደይ አበባ የማን ናት?

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን ጾመ ጽጌ ነው። የእመቤታችንን ስደት እያሰብን፣ እርሷን በአበባ ልጇን በፍሬ እየመሰልን ማኅሌተ ጽጌ እንቆማለን። ሌሊቱን በአበባ ስናመሰግን አድረን፣ ጠዋት አበባውን በከብት ብናስረግጥ ምን ይባላል?

በደብረ ታቦርና በጉና ግርጌ አደይን የሚዘራት የለም። ክረምቱ ሲወጣ በእርሻ ዳር፣ በሜዳው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ራሷ ትወጣለች። ንብ ትቀስማታለች፤ የጥቅምትና የኅዳር ማር ከእርሷም ነው። ዘሯን ሳትጥል ከተጋጠች ግን ለከርሞ ከየት ትመጣለች?

«ማንም አልተከላት፣ ማን ይጠይቀኛል?» እንላለን። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የሰው እጅ ካልተከላት ተካይዋ ማን ሊሆን ነው? ጌታችን እንድንመለከት ያዘዘን ሰው ያልለፋባቸውን የሜዳ አበቦች ነው (ማቴ. 6፥28)።

ደኑም እንዲሁ ነው። በደቡብ ጎንደር ጽዱና ወይራው በአብዛኛው የተረፉት በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው፤ አባቶች ጠብቀውልን። በእነዚሁ ደኖች የተደረገ ጥናት ከብት በገባበት ችግኝ እንደሚጠፋ፣ በታጠረበት ግን እንደሚተርፍ አሳይቷል። ስለዚህ አንዳንድ አጥቢያዎች ደናቸውን በድንጋይ ካብ አጥረዋል።

«ታዲያ ከብቴ ምን ይብላ?» የሚል አይጠፋም፤ እውነቱን ነው፣ ችግር አለ። ግን ጾም የሚቻለንን መተው አይደል? ቅቤውን ለ40 ቀን የተውን ሰዎች፣ ያችን የቅጥር ጥግ ዘሯን እስክትጥል ብንተዋትስ?

የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን። አሜን።