ሳይቆጥር ዘረፈ
ንባብ፦ የዲማው ተማሪ ሳይቆጥር ዘረፈ።

«የዲማው» አለ፤ በቀድሞው ቢቸና አውራጃ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ አገር ነውና። ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው ጉባኤ ቤቶች አንዱ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር»ም በዛብህን ወደዚያው አምጥተውታል። ሌላውን የቅኔ አገር ሞጣን ጠርቶ «የሞጣው» ቢልም አይፋለስም።

«ሳይቆጥር» አለ፤ መቁጠር ቅኔን በልብ ማሰናዳት፥ መዝረፍም ማሰማት ነው፤ ምነው ሳይቆጥሩ መዝረፍ አለን ቢሉ፥ ብዙ ቆጥሮ ነው። ማታ የኔታ ቅኔ ዘርፈው ምሥጢሩን ያብራራሉ፤ በማግሥቱ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ከዛፍ ሥር ለብቻው ይቆጥራል። ግሱን ያወርዳል፥ ሰሙን ከወርቁ ያጋጥማል፥ ቤቱን ይመታል፤ ለየኔታም ያሰማል፤ ከተፋለሰበት ተመልሶ ይቆጥራል። በ2 ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ 8 ቤት ካለው መወድስ ሲደርስ፥ ሕጉን አስቦ መፈለግ ይቀርለታል።

አንድም፥ ራሱን ሳይቆጥር ሲል ነው። በማኅሌት መካከል «ልደነቅ» ያለ ምላሱ ይታሰራል፤ ልቡን ለበዓሉ የሰጠ ግን ቃሉ ይመጣለታል። የቻይና የታኦ ሊቃውንት «ዉ ዌይ» የሚሉት በዚህ ይገባል፤ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም፥ ከነገሩ ጠባይ ጋር ሳይታገሉ መሥራት ነው እንጂ። ታሪክ፦ «ዧንግዚ» በተባለው መጽሐፍ ዲንግ የሚባል በሬ በላች አለ። ቢላዋው በ19 ዓመት አልደነዘም፤ ምነው ቢሉ፥ አጥንቱን ትቶ በመገጣጠሚያው ክፍተት ያሳልፈዋልና። እርሱም ቢሆን መጀመሪያ የሚታየው በሬው ብቻ ነበር፤ መገጣጠሚያውን ለማየት ዓመታት ፈጅቶበታል። ስለዚህ ይህ ትርጓሜ የፊተኛውን አያፈርስም። ልዩነቱ ግን አይሸፈን፤ የታኦ ሊቃውንት ችሎታውን ለተፈጥሮ መንገድ ይሰጡታል፥ የእኛ ሊቃውንት መንፈስ ቅዱስ ገለጠልኝ ይላሉ።

አንድም፥ የቆጠረውን ትቶ ሲል ነው። ሌሊት ያሰናዳውን ምሥጢር ሌላው ባለቅኔ ቀድሞ ቢለው፥ ጥሎት በቆመበት አዲስ ይዘርፋል። የጃፓን የዜን መምህራንም ተሰናድቶ የመጣን መልስ ከደቀ መዝሙር አይቀበሉም።

ከሦስቱ የፊተኛው ይጸናል። «ተሰጥኦ ነው» እያለ ከዛፍ ሥር የማይቀመጥ ሰው ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም አያገኛቸውም።

«ዘረፈ» አለ፤ ጨርሶ ሰጠ ሲል ነው። በዛሬው በዓል የተባለ ቅኔ ለሚመጣው በዓል አይደገምም፤ ተማሪው ሌላ ማምጣት አለበት።