ሐና በየዓመቱ የሠራችው ትንሽ መደረቢያ



እኔ ሰባኪ አይደለሁም። እዚህ ማዲ በሰው ቤት የምሠራ እህታችሁ ነኝ፤ ትምህርቴም እስከ አስረኛ ክፍል ነው። ግን ጌታ በልቤ ያስቀመጠውን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ ስላልቻልኩ ጻፍኩት። በተለይ ልጅ አገር ቤት ትታችሁ የመጣችሁ እናቶች፣ በትዕግሥት አንብቡልኝ።

ባለፈው ዓመት ወደ አገር የምትገባ እህት ስላገኘሁ፣ ዓርብ በዕረፍቴ ቀን ዓታባ ወርጄ ለልጄ ጫማ ገዛሁ። ቀይ ነው፣ ቁጥሩ 25። ደስ ብሎኝ ላኩት። በኋላ እናቴ ከደሴ ደወለችና “ልጄ፣ ጫማው እኮ ጣቷንም አያስገባ፤ 29 ነው የምታደርገው” አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ገንዘቡ አይደለም። ጫማውን የገዛሁት ጥያት ለመጣሁት ልጅ ነበር። ያቺ ልጅ ግን የለችም፣ አድጋለች።

ያን ሰሞን 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 2ን ሳነብ አንድ ነገር ያዘኝ። ሐና ሳሙኤልን ጡት ካስጣለችው በኋላ በእግዚአብሔር ቤት ተወችው። ከዚያ በየዓመቱ ከባሏ ጋር ለመሥዋዕት ስትወጣ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር። እስቲ አስቡት፤ በዓመት አንዴ ለምታየው ልጅ ልብስ ለመሥራት ልኩን ማወቅ አለባት። የአምናው ዘንድሮ አይሆነውም። ሐና ሩቅ ነበረች፣ ልኩን ግን አልረሳችም። ዛሬ የምላችሁ ይህንኑ ነው፦ ልጅ በየዕድሜው ልክ አለው፣ የእኛም ፍቅር በዚያ ልክ መሠራት አለበት።

እኔ ይህን የተማርኩት በሰው ልጅ ነው። ካይሮ ስገባ ማዳሜ እርጉዝ ነበረች። ሐኪም ቤት አብሬያት ስሄድ ብዙ ነገር ሰማሁ። ልጁ አሁን አምስት ዓመት ሊሞላው ነው።

የልጅ ነገር የሚጀምረው ገና በማኅፀን ነው። አንጎልና የአከርካሪ አጥንት ውስጥ ያለው ነርቭ የሚሠራበት ቦታ የሚዘጋው በመጀመሪያው ወር ነው፣ ብዙ እናት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ። ፎሊክ አሲድ የሚባለው እንክብል ቀደም ብሎ ይወሰድ የሚባለውም ለዚህ ነው። በስድስተኛው ወር አካባቢ ደግሞ ሕፃኑ መስማት ይጀምራል። በሉቃስ ወንጌል ኤልሳቤጥ ስድስተኛ ወሯን ይዛ ሳለ፣ የማርያም ሰላምታ ሲሰማ ፅንሱ በደስታ እንደዘለለ ተጽፎ የለ? እርጉዝ የሆናችሁ እህቶች፣ ሥራዬን አጣለሁ ብላችሁ ደብቃችሁ አትቆዩ። ቢያንስ ለአንዲት እህት ንገሩ፣ ክትትልም በጊዜ ጀምሩ።

ሲወለድ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን ነው። ይህ ምን ያህል መሰላችሁ? ከጡት እስከ እናት ፊት! ፈጣሪ ራሱ በልክ ነው የሠራው። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፣ ውኃ እንኳ አያስፈልገውም። በሁለት ወሩ ገደማ ፊት አይቶ ይስቃል። ወደ ስምንት ወር ሲጠጋ ግን ሰው ይለያል፤ እንግዳ ይፈራል፣ እናቱ ከዓይኑ ስትጠፋ ያለቅሳል። የማዳሜ ልጅ እኔን ስለለመደ ዓርብ ስወጣ በሩን ይዞ ይጮህ ነበር። በደረጃው እየወረድኩ “የእኔዋስ ስንት ቀን በር በሩን አየች?” እል ነበር።

እኔ ስለያት አንድ ዓመት ከስምንት ወሯ ነበር። ድክ ድክ ትላለች፣ “እማ ነይ” ማለት ጀምራለች። ይህን ሳስብ የሚያጽናናኝ የሙሴ እናት ዮካብድ ናት። እዚሁ ግብፅ ውስጥ የገዛ ልጇን በደመወዝ አጥብታ ለፈርዖን ልጅ መለሰችው። ያገኘችው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ብቻ ነው። ሙሴ ግን አድጎ ወንድሞቹን አልረሳም። ስለዚህ እህቴ፣ ያጠባሽው፣ ያዘልሽው፣ ያባበልሽው ከንቱ አልቀረም።

ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያለው ልጅ ይጫወታል፣ “ለምን?” ይላል። ግን የሆነው ሁሉ በእሱ ምክንያት የሆነ ይመስለዋል። ልጄ አራት ዓመቷ ሳለ በኢሞ ስናወራ “የሄድሽው ሳህኑን ስለሰበርኩ ነው?” አለችኝ። እኔ ስቄ አለፍኩት። በኋላ ማዳሜና ባሏ ሲጣሉ ትንሹ ልጅ ወደ እኔ መጥቶ “በእኔ ነው?” ሲለኝ ደነገጥኩ። ልጄ ያንን ሸክም ይዛ ስንት ወር እንደከረመች እግዚአብሔር ያውቃል። ያኑ ማታ ደወልኩና “የእኔ እናት፣ የሄድኩት አንቺ አጥፍተሽ አይደለም፤ ለሥራ ነው። ሳህን ይሰበራል” አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ “እሺ” አለች። እባካችሁ፣ ልጆቻችሁ ሳይጠይቁም ንገሯቸው።

አሁን ሰባት ዓመቷ ነው፣ በመስከረም አንደኛ ክፍል ትገባለች። በዚህ ዕድሜ ጥርስ ይወልቃል፣ ጓደኛ ይበዛል፣ ልጅ ራሱን ከሌላው ጋር ያስተያያል። “የአንቺ እናት የት ናት?” መባልም ይመጣል። ስለዚህ “ደህና ናት?” ብሎ ስልክ መዝጋት አይበቃም። ዛሬ ምን አሳቃት? ማንን ትፈራለች? የትኛው ፊደል አስቸገራት? ብለን እንጠይቅ። ቀን ቆርጠን እንደውል፣ በዚያም ቀን እንገኝ። “ለፋሲካ እመጣለሁ” ብለን ከንቱ ተስፋ አንስጥ። አያቷን “እማዬ” ብትላትም አንቅና፤ ልኳን በየቀኑ የምታውቅላት እሷ ናትና እናመስግናት። ጌታችን ኢየሱስም ቢሆን በአንድ ቀን ሰው አልሆነም፤ በጥበብም በቁመትም ቀስ እያለ አደገ፣ ሳይቸኩል።

ዘንድሮ እናቴን “እግሯን ወረቀት ላይ አሥምሪልኝ” አልኳት። ወረቀቱን ከአገር የመጣች እህት አምጥታልኛለች፣ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። በሚመጣው ዓርብ ይዤው ዓታባ እወርዳለሁ።

ሳሙኤልን በሴሎ ያሳደገ አምላክ ልጆቻችንን ባሉበት ይጠብቅልን፣ በዓይናችን ለማየትም ያብቃን። አሜን።

እህታችሁ፣ ከማዲ