ከመንገዱ ስለ ራቀው ቤተ ክርስቲያን

ሰው የእግዚአብሔርን ቤት ሲሠራ ከባልንጀራው ፊት ለመሸሽ ብሎ ሊሠራው ይችላልን? አንባቢ ሆይ፤ ይህ ጥያቄ እንግዳ አይምሰልህ፤ በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ የሆነውን ስማ።

ዊልያም ሆጋርዝ የሚባል ሠዓሊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1751 ዓ.ም. በመዳብ ቀርጾ ያሳተመው «የጂን መንገድ» የተባለ ሥዕል አለ። ጂን በዚያ ዘመን ድኾች በርካሽ ይጠጡት የነበረ ብርቱ አረቄ ነው። ሥዕሉ የቅዱስ ጃይልስን አጥቢያ ጎስቋላ ሰፈር ያሳያል። በመካከሉ አንዲት የሰከረች እናት በደረጃ ላይ ተቀምጣለች፤ ሕፃንዋ ከእቅፍዋ ወደ ታች ሲወድቅ እርስዋ ሱረት ትቈነጥራለች። በአንድ ወገን አናጢው መጋዙን፥ የቤት እመቤቲቱም ድስትዋንና ማንቈርቈሪያዋን መያዣ ተቀብሎ ለሚያበድረው ሰው ይሰጣሉ፤ ነገ እንጀራ የሚያገኙበትን ዕቃ ዛሬ ለአረቄ ለወጡት። ወደ ኋላም የሞተች ሴት በሣጥን ስትገባ ልጅዋ በአጠገብዋ ያለቅሳል።

ሥዕሉን ያየ ሁሉ እናቲቱን ይኰንናል፤ መኰነኑም ቀላል ነው። እኔ ግን ዓይንህን ከእርስዋ አንሥተህ ወደ ሩቁ እንድትመለከት እለምንሃለሁ። ከቤቶቹ ጣራ በላይ እንደ ደረጃ እየጠበበ የወጣ ግንብ ይታያል፤ ይህም በብሉምዝበሪ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ኒኮላስ ሆክስሙር ነድፎት ከ1716 እስከ 1731 ዓ.ም. ተሠራ። በጫፉ ላይ የቆመው የንጉሥ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ ሐውልት ነው እንጂ መስቀል አይደለም። መስቀል የሚመስለውስ ከፊት ለፊት የተንጠለጠለው የአበዳሪው ምልክት ነው።

ይህ ቤት ስለ ምን ተሠራ? በአጥቢያው በሰሜን በኩል የሚኖሩ ባለጠጎች ወደ ቀድሞው ወደ ቅዱስ ጃይልስ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ በዚያ ሰፈር ማለፍን ስላልወደዱ፥ የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራላቸው ለመኑ። ልመናቸው በደል አይመስልም፤ ልጆቹን ይዞ ወደ ጸሎት የሚሄድ አባት ደኅና መንገድ ቢፈልግ ማን ይነቅፈዋል? ነገር ግን በኢያሪኮ መንገድ ገለል ብለው ያለፉት ካህኑና ሌዋዊውም ለራሳቸው የሚበቃ ምክንያት ሳይኖራቸው አልቀረም። እነርሱስ ገለል ያሉት አንድ ቀን ነው፤ እነዚህ ግን መገለላቸውን በድንጋይ አጸኑት።

«ምጽዋት እንሰጥ ነበር» ቢሉ፥ እውነት ነው፥ ይሰጡ ነበር። በሥዕሉ ላይ ሁለት ልጃገረዶች ጂን ሲጠጡ ይታያሉ፤ በአጥቢያው ምጽዋት የሚያድጉ ናቸውና የአጥቢያው ምልክት በክንዳቸው አለ። ልብሱ ተሰጥቶአል፥ ምልክቱም ተደርጎበታል፤ ብርጭቆውን ከእጃቸው የሚወስድ ሰው ግን በመንገዱ አይታይም።

ሆጋርዝ ራሱ ሥዕሉ ለብዙ ሰው እንዲደርስ በአንድ ሽልንግ ሸጠው፤ በ1739 ዓ.ም. የንጉሥ ፈቃድ ላገኘው የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያም ከመጀመሪያዎቹ አስተዳዳሪዎች አንዱ ነበረ። በዚያው በ1751 ዓ.ም. የጂንን ሽያጭ የሚያጠብቅ ሕግ ወጣ፤ ከዚያም በኋላ መጠጡ እየቀነሰ ሄደ፥ የእህል መወደድም ረድቶአል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ግንብ ዛሬም ቆሞአል። ከቅዱስ ጃይልስ ቤተ ክርስቲያን እስከ እርሱ ያለው መንገድ በእግር የጥቂት ደቂቃ ነው።