በመስኮት የተቀመጠው ጎበዝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ንባባችን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20፣ ከቁጥር 7 እስከ 12 ያለው ነው።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ስብከት ሲረዝም እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ካለ አይፈር፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ጓደኛ አለው። ስሙ አውጤኪስ ይባላል። ቅዱስ ጳውሎስ በጢሮአዳ ሳለ ምእመናኑ በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን ኅብስት ሊቆርሱ በሰገነት ላይ ተሰበሰቡ። ሐዋርያው በማግሥቱ መንገደኛ ነበርና ንግግሩን እስከ እኩለ ሌሊት አራዘመው። በቤቱ ብዙ መብራት ይበራ ነበር። አውጤኪስ በመስኮት ተቀምጦ ሲያዳምጥ እንቅልፍ አሸነፈውና ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ፤ ሲያነሡትም ሞቶ ነበር።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነሣው ለሳቅ ነው፤ በተለይ ሰባኪ ሲረዝምብን። እኔ ግን ዛሬ ልጁ የተቀመጠበትን ቦታ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። በመስኮት የተቀመጠ ሰው ጀርባው ለጨለማ፣ ፊቱ ለመብራት ነው። ግማሹ ከጉባኤው ጋር ነው፤ ግማሹ ከመንገዱ ጋር። ምናልባት ቤቱ ስለሞላ የተረፈው ቦታ ያ ብቻ ነበር። የ13፣ የ15፣ የ17 ዓመት ልጆቻችንም የተቀመጡት እዚያ ነው። ሕፃናት እንዳንላቸው ከእናታቸው ጉያ ወጥተዋል፤ አዋቂዎች እንዳንላቸው ከሽማግሌዎች ጋር ወንበር አልሰጠናቸውም።

አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ከዓመታት በፊት ባገለገልኩበት ቁምስና በሕፃናት መዘምራን ፊት ቆሞ የሚመራ አንድ ልጅ ነበረን። ሲዘምር እናቶች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። 14 ዓመት ሲሞላው ድምፁ ጎረነነ፤ አንዴ እንደ ጎልማሳ ይወፍራል፣ አንዴ እንደ ሕፃን ይቀጥናል። በአንድ የበዓል ልምምድ ላይ በመዝሙሩ መሐል ድምፁ ከዳውና ጓደኞቹ ሳቁ። መሪው ክፋት ሳያስብ «እስኪስተካከልልህ ትንሽ ዕረፍ» አለው። እኔም እዚያው ነበርኩ። ነገሩ ትክክል መሰለኝና ዝም አልኩ።

ልጁም ዐረፈ። በሚቀጥለው እሑድ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በር ላይ ቆመ። ከዚያም ስልኩን ይዞ የግቢው አጥር ሥር። ቅዳሴው ሲያልቅ ከእናቱ ጋር ተቀላቅሎ ይሄዳል። ማንም አላባረረውም። የሕፃናት መዘምራን ነበሩን፤ የአዋቂዎች መዘምራንም ነበሩን። ድምፁ ከሁለቱ መሐል ላለ ልጅ ግን ቦታ አልነበረንም። እኛ በውስጥ ስንዘምር እርሱ ከመስኮቱ ወደቀ።

ታዲያ ጳውሎስ ምን አደረገ? ሦስት ነገር አደረገ።

የመጀመሪያው፣ ወረደ። ስብከቱን በመሐል አቋረጠ። «ማን መስኮት ላይ ተቀመጥ አለው?» ብሎ አልጠየቀም፤ ልጁ ወደ እርሱ እስኪወጣም አልጠበቀም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከላይ ሆነን እንጣራለን፦ «የዛሬ ልጆች! እኛ በእናንተ ዕድሜ…» እንላለን። የወደቀ ሰው ከላይ በሚወርድ ተግሣጽ አይነሣም።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 1841፣ በእመቤታችን ንጽሕት ፅንሰት በዓል፣ በጣልያን ቱሪን ከተማ አንድ የ26 ዓመት ካህን ለቅዳሴ ልብሰ ተክህኖ እየለበሰ ነበር። ከተቀባ ገና ስድስት ወሩ ነው። አንድ የድኻ ልጅ ገብቶ ጥግ ላይ ቆመ። የዕቃ ቤቱ አገልጋይ ቅዳሴ እንዲረዳ አዘዘው፤ ልጁ አልችልም ሲል በዱላ አባረረው። ካህኑ ይህን ሲያይ «ወዳጄ ነው፤ ጥሩልኝ» አለ፤ ከዚያ በፊት ግን አይቶት አያውቅም። ልጁ የ16 ዓመት ወላጅ አልባ፣ ማንበብም መጻፍም የማይችል ነበር። እንደሚተረከው ካህኑ መዘመር ትችላለህን ብሎ ሲጠይቀው አልችልም አለ። ማፏጨትስ ትችላለህ? ሲለው ልጁ ፈገግ አለ። ያ ካህን ዛሬ ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ (ዶን ቦስኮ) ብለን የምናከብረው ነው። ማኅበሩ፣ ሳሌዥያን፣ በአገራችንም በመቀሌ፣ በአዲስ አበባና በዲላ ልጆችን ያስተምራል፣ ሙያ ያስጨብጣል። የዚህ ሁሉ ሥራ መነሻ ልጁን በማይችለው ሳይሆን በሚችለው የፈለገች አንዲት ጥያቄ ናት። መውረድ ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው፣ አቀፈው። ጳውሎስ በልጁ ላይ ተደፋ፤ ነፍሱ በውስጡ አለች ብሎ ለሕዝቡ ተናገረ። ሌሎቹ ሬሳ ባዩበት እርሱ ሕይወት አየ። ጎረምሳ ቤት ውስጥ ሲያኮርፍ፣ በሩን ሲዘጋ፣ «ቅዳሴ ሰለቸኝ» ሲል ወላጅ ቶሎ «ይህ ልጅ ጠፋ» ይላል። አይደለም፤ ነፍሱ በውስጡ አለች። የሚጠይቅ ልጅ ገና አልሄደም፤ የሚያስፈራው መጠየቅ ያቆመው ነው።

ዶን ቦስኮ ከማረፉ አራት ዓመት ገደማ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1884፣ ከሮም በላከው ደብዳቤ መምህራኑን ያሳሰበው ነገር አለ። ወጣቶችን መውደድ ብቻ አይበቃም፤ እንደሚወደዱ ራሳቸው ሊያውቁት ይገባል አለ። ችግሩንም የት እንዳየው ግልጽ አድርጓል፤ በጨዋታው ሜዳ። ቀድሞ ከልጆቹ ጋር ይሮጡ የነበሩ መምህራን ዳር ቆመው እርስ በርስ ያወሩ ጀመር። የእኛን ግቢ አስታወሰኝ። ከቅዳሴ በኋላ ትልልቆቹ በአንድ በኩል፣ ወጣቶቹ በሌላው፣ በመሐላቸው ባዶ ሜዳ።

ስለ ማቀፍ ስናገር ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ጳውሎስ ልጁን ያቀፈው በሰው ሁሉ ፊት ነው። በቤተክርስቲያን ስም የልጆችን አመኔታ የሰረቁ ሰዎች ነበሩ፤ ያንን ቁስል መሸፈን ኃጢአቱን ማራዘም ነው። ስለዚህ የወጣቶች አገልግሎት በተከፈተ በር ይሁን። አገልጋዮች ሁለትና ከዚያ በላይ ይሁኑ፤ ማንም ከልጅ ጋር ተዘግቶ አይቀመጥ፤ ምሥጢር ጠብቅ የሚል ስጦታም ሆነ መልእክት ለልጅ አይላክ። ልጅ «አንድ ነገር ሆነብኝ» ሲል «ዝም በል፣ ቤተክርስቲያንን ታሰድባለህ» አይባል። ቤተክርስቲያንን የሚያሰድበው ዝምታው ነው።

ሦስተኛው፣ ወደ ላይ ተመለሰ። ይህንን ብዙዎች አያስተውሉትም። ጳውሎስ ልጁን ካነሣ በኋላ እንደገና ወጣ፣ ኅብስት ቆረሰ፣ እስኪነጋም ተናገረ። ጉባኤው ተበትኖ ወደ ሜዳ አልወረደም። የወጣቶች አገልግሎት ኳስ፣ ሻይና ሽርሽር ሆኖ ከቀረ ወርደን ቀርተናል ማለት ነው። ኳሱ መንገድ ነው፤ መድረሻው ማዕዱ፣ ኑዛዜው፣ ጸሎቱ ነው። ዶን ቦስኮም ልጆቹን ያጫወተው ወደ ቅዱስ ቁርባን ሊያቀርባቸው ነው።

ወደ ማዕዱ ሲወጡ ግን እንደ እንግዳ አይደለም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ወጣቶች ከተካሄደው ሲኖዶስ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2019 በፈረሙት «ክርስቶስ ሕያው ነው» በተሰኘው ሐዋርያዊ ምክር፣ ወጣቶች የነገ ብቻ ሳይሆኑ የእግዚአብሔር ዛሬ መሆናቸውን አስተምረዋል። የወጣቶች አገልግሎት ዋና ሠራተኞችም ወጣቶቹ ራሳቸው እንደሆኑ አሳስበዋል። እኛ ደግሞ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚል ተረት አለን። እውነት ነው፣ የመጀመሪያው ሊጥ ላይበቃ ይችላል። ነገር ግን ሊጥ ሳይነካ ማቡካት የለመደ እጅ የታለ? ንባብ ስጧቸው፤ ቢሳሳቱ አርሟቸው። የቁምስናው ምክር ቤት ውስጥ አስቀምጧቸው፤ ሲናገሩም ሰዓት አትመልከቱ።

እናንት ወላጆች፣ ልጅን እሑድ ግቢው በር ላይ አድርሶ መመለስ አይበቃም። ጌታችን በ12 ዓመቱ በኢየሩሳሌም በቀረ ጊዜ እመቤታችንና ቅዱስ ዮሴፍ ራሳቸው ተመልሰው ፈለጉት፤ በሦስተኛው ቀን አገኙት። የመለሰላቸውንም ቃል አላስተዋሉም፤ እናቱ ግን ሁሉን በልቧ ትጠብቀው ነበር። የልጃችሁ መልስ ባይገባችሁ በልባችሁ አኑሩት፤ መፈለግን ግን አትተዉ።

የዚያን ልጅ ነገር ልጨርስላችሁ። ወደ አጥሩ የወረድኩት እኔ አይደለሁም። አዳራሹን የሚያጸዱ አንዲት እናት ናቸው። አንድ እሑድ መጥረጊያቸውን እንደያዙ አጠገቡ ሄደው፣ «ልጄ፣ ከበሮ መምታት ትችላለህ?» አሉት። «አልችልም፣ እማማ» አለ። «እኔም አልችልም። ግን ከበሮው ከባድ ነው፤ ወገቤን አሞኛል፤ ተሸካሚ ይፈልጋል» አሉት። ተሸክሞ ገባ። ለጥቂት ወራት ተሸካሚ ብቻ ነበር፤ ከዚያ መታው። ዛሬ ድምፁ ወፍሮ ረግቷል። ስብከቴ ሲረዝም ግን አሁንም ሹልክ ብሎ ይወጣል፤ ከበሮው ውስጥ ስላለ ተመልሶ እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቅዳሴው ሲያልቅ ወደ ቤታችሁ አትቸኩሉ። አጥሩ ሥር የቆመ ልጅ አለ። ስሙን ጠይቁት፤ በሚቀጥለው እሑድም በስሙ ጥሩት። ከዚያም የሚሸከመው አንድ ነገር ስጡት።

ልዑል እግዚአብሔር የወደቁትን የሚያነሣ ጉልበት፣ በመስኮት ያሉትን የሚያይ ዓይን ይስጠን፤ አሜን።