የሾፌሩ ዕውቀት የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2021 አማዞን ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ማዕከል ጋር ሆኖ ለተመራማሪዎች አንድ ውድድር አወጣ። ኩባንያው በሎስ አንጀለስ፣ በሲያትል፣ በቺካጎ፣ በቦስተንና በኦስቲን ዕቃ አድራሽ ሾፌሮች በ2018 የተጓዙባቸውን ከ9,000 በላይ መስመሮች መዝገብ አቀረበ። ለአንደኛው 100,000፣ ለሁለተኛው 50,000፣ ለሦስተኛው 25,000 ዶላር ተመደበ።

ውድድሩን ልዩ ያደረገው መመዘኛው ነው። ተወዳዳሪዎቹ አጭሩን መንገድ እንዲፈልጉ አልተጠየቁም። የሚያሸንፈው፣ ሾፌሩ በመልካም ሁኔታ ያጠናቀቀውን ጉዞ ቅደም ተከተል ይበልጥ ቀርቦ የገመተ ፕሮግራም ነበር። ሾፌሩ ፈታኝ፣ ሒሳቡ ተፈታኝ ሆነ።

ይህ ለምን አስፈለገ? መስመርን በስሌት የማውጣት ሙከራ የቆየ ነው። ተመራማሪዎቹ ጆርጅ ዳንትዚግና ጆን ራምሰር ቤንዚን ጫኝ መኪኖችን ወደ ማደያዎች የማሰማራትን ጥያቄ በሒሳብ ቀምረው ያሳተሙት በ1959 ነው። ዐሥር ቦታዎችን ብቻ ለማዳረስ 3,628,800 ዓይነት ቅደም ተከተል አለ፤ አንድ ዕቃ አድራሽ መኪና ደግሞ በቀን ከመቶ በላይ ቦታ ሊቆም ይችላል። ከ1959 ወዲህ ስሌቱ እጅግ ረቅቋል። ዕቃ አድራሹ ኩባንያ ዩፒኤስ ኦራየን በተባለው መስመር አውጪ ፕሮግራሙ በዓመት 100 ሚሊዮን ማይል ያህል ጉዞ እንደሚቆጥብ ገልጿል፤ በ2016ም ለእንዲህ ያለ ስሌት የሚሰጠውን የፍራንዝ ኤደልማን ሽልማት አግኝቶበታል። ስሌቱ የማያየው ግን ብዙ ነው። የትኛው ሕንፃ ደጃፍ መኪና እንደማያስቆም፣ የትኛው ሱቅ በምሳ ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ተማሪ ሲለቀቅ የትኛው መንገድ እንደሚጨናነቅ የሚያውቀው መሪውን የጨበጠው ሰው ነው። ሾፌሮች የተሰጣቸውን መስመር ትተው በራሳቸው መንገድ የሚሄዱትም ለዚህ ነው።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ፍሪድሪክ ሃየክ በ1945 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ለማኅበረሰብ ከሚጠቅመው ዕውቀት ብዙው በሳይንስ ሕግ የማይጠቀለል፣ የጊዜና የቦታ ዕውቀት እንደሆነ ተከራክሯል። ከምሳሌዎቹ አንዱ ባዶአቸውን ወይም በግማሽ ጭነት የሚጓዙ መርከቦችን እየፈለገ የሚሠራ ጫኝ ነጋዴ ነው። ፈላስፋው ማይክል ፖላኒ በ1966 ደግሞ ሰው በቃል መናገር ከሚችለው በላይ እንደሚያውቅ አስረዳ።

የአማዞን ውድድር ይህን ሐሳብ በተግባር አሳየ። አሸናፊዎቹ ዊልያም ኩክ፣ ስቴፋን ሄልድና ኬልድ ሄልስጋውን መዝገቡን መርምረው ሾፌሮች አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ቀጠና ሳይጨርሱ ወደ ሌላው እንደማይሻገሩ አዩ። እንዲህ ያሉ ልማዶችን ወደ ሒሳብ ደንብ ለውጠው አንደኛ ወጡ።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ከሾፌሩ ልምድ የተቀዳው ዕውቀት የማን ነው? ሾፌሩ የተከፈለው ዕቃ ሊያደርስ ነው፤ ኮምፒውተር ሊያስተምር አይደለም። በመዝገቡ ውስጥ ማንነቱ እንዳይታወቅ መደረጉ ለደኅንነቱ ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን ስሙ ሲጠፋ ድርሻውም አብሮ ይጠፋል። በኦሪት ሕግ እህል የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር ታዟል። ሐዋርያው ጳውሎስም ሕጉ ለሚደክም ሰው እንደተጻፈ አስተምሯል። ደካሚው ከድካሙ ፍሬ ይካፈል ማለት ነው።

አንዳንዱ፣ ዕውቀቱ ከሺህ ጉዞ የተለቀመ ስለሆነ ማንም የእኔ ሊለው አይችልም ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ለእያንዳንዱ ጉዞ ዋጋ መቁረጥ ያስቸግራል። ነገር ግን የብዙዎች ነው ማለት የማንም አይደለም ማለት አይደለም። የጋራ የሆነ ነገር የጋራ ተወካይ ይሻል። ከሾፌሩ ልምድ በተማረው ስሌት የተቆጠበው ሰዓት ተጨማሪ ዕቃ ብቻ ሆኖ በእርሱ ላይ ከተጫነ፣ ሰውየውን በገዛ ዕውቀቱ ማስጨነቅ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ረገድ አቅም አላቸው። ኩባንያ መረጃ ሲሰጣቸው እነርሱ ስማቸውንና ተአማኒነታቸውን ይሰጣሉ። በሰው ላይ ጥናት ሲያደርጉ የተጠኚውን ፈቃድ መጠየቅም ልማዳቸው ነው። ስለዚህ የመረጃ ስምምነት ሲፈርሙ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ መመዘኛው ሲወጣ የሾፌሮች ተወካይ ይቀመጥ፤ ሾፌሩ ከስሌቱ መስመር ሲወጣ እንደ ጥፋት አይቆጠርበት፤ ከተቆጠበው ጊዜ ለሾፌሩ የሚደርሰው አስቀድሞ ይጻፍ።